የገዳዩ ሕመም

ውድ አንባቢ፣ ሚቶኮንድሪያ «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ» መሆኑን በትምህርት ቤት በቃልዎ አጥንተው፣ ለፈተና ጽፈው ረስተውት ይሆናል። እኔም በየዓመቱ ይህንኑ አስተምራለሁ። በቀደም ዕለት ግን አንድ ተማሪዬ «ይህ ኃይል ማመንጫ ይታመማል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በደንብ ይታመማል እንጂ! ያን ዕለት ለክፍሉ የነገርኩትን ለእርስዎም ላጫውትዎ።

ኤልም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየመንገዱ ዳርና በየእርሻው ድንበር ይታይ የነበረ ትልቅ ዛፍ ነው። የሚገድለው ፈንገስ፣ ቅርፊት በሚቦረቡር ጥንዚዛ ተጭኖ ይገባና ውሃ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጋቸዋል፤ ዛፉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። ፈንገሱን እ.ኤ.አ. በ1922 ለይተው ያሳወቁት ወይዘሪት ቤያ ሽዋርዝ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪ ስለ ሆኑ በሽታው «የሆላንድ የኤልም በሽታ» ተባለ። (ላወቀ መሰየም እንዲህ ያለ ውለታ ነው!) ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከፊተኛው የከፋ ዘመዱ ብሪታንያን ወርሮ 25 ሚሊዮን ያህል ኤልም ፈጀ።

ይሁን እንጂ ክላይቭ ብሬዥየር የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ገዳዩ ራሱ ሕመምተኛ ሆኖ አገኙት። ቫይረሶች በፈንገሱ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ገብተው ይራባሉ፤ ያን ጊዜ በኦክሲጅን ለመጠቀም የሚያስፈልገው ኤንዛይም ያንሰዋል፤ እድገቱ ይዘገያል፤ ዘሩም ይመክናል። ሁለት ፈንገሶች ክሮቻቸው ሲነካኩ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ይዋሐዳሉ፣ ቫይረሱም በዚያው ይሻገራል። ዓይነታቸው ከተለያየ ግን በመገናኛው ላይ ያሉት ሕዋሶች ይሞቱና በሩ ይዘጋል። አዲሱ ፈንገስ አገር ሲወር በየግንባሩ አንድ ዓይነት ብቻ ስለ ነበረ ቫይረሱ እንደ ልቡ ይዛመት ነበር። እንግዲህ ዛፎቹ ሊድኑ ነው ያሰኛል።

እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አዲሱ ፈንገስ ቦታውን ከነጠቀው ከቀድሞው ዘመዱ ጋር ተዳቀለ። ዲቃሎቹ ብዙ አልቆዩም፤ ነገር ግን የተሸናፊው ጂኖች በእነርሱ በኩል ወደ አሸናፊው ተሻገሩ፤ ከእነዚህም መካከል በሩን የሚዘጉት ይገኙባቸዋል። ይህ በ2006 ታትሞ ወጥቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንዱ ዓይነት ብዙ ሆነ፣ የቫይረሱም መንገድ ጠበበ።

በእንግሊዝ አገር የሞቱት ኤልሞች ዛሬም ከሥራቸው ያቈጠቁጣሉ፤ ግንዳቸው ለጥንዚዛው እስኪመቸው ሲወፍር በሽታው ይመለስባቸዋል። በብራይተን ከተማ ብቻ በሺህ የሚቈጠሩ ትልልቅ ኤልሞች ቆመው ይታያሉ። እነርሱን ያቆያቸው ቫይረስ አይደለም፤ የታመመውን ዛፍ ፈልገው ወዲያው የሚቈርጡት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው።