የሁለት ወር ስንቅ በሞላሌ

የድሮ መንገደኛ ስንቁን በአህያ ጭኖ ይወጣ ነበር። በሶውና ቆሎው ሲጎድል በዓይኑ ያየዋል፤ ጉዞውንም በዚያው ልክ ያሳጥራል። የዛሬ መንገደኛ ስንቁ ኪሱ ውስጥ ያለች ብር ናት። እሷ ደግሞ ከበሶ ይልቅ ቶሎ ትነቅዛለች! የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ፣ በወር መግቢያ የተጻፈ የዕለት ወጪ እስከ ወር መውጫ ይጸናል ብሎ ማን ይምላል?

እኛ አራት ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ጥናታችን ሐምሌንና ነሐሴን ሞላሌ ልንከርም አስበናል። መንገዱ አላስቸገረንም፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ከዚያ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ነው። ያስቸገረን 60ውን ቀን በምን እንደምንገፋው ነው።

አንድ ወረቀት ዘረጋንና ከመጨረሻው ጀመርን። የመመለሻ ትራንስፖርት ለብቻዋ ተቋጥራ ትቀመጥ፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አይታወቅምና የሦስት ቀን ትርፍ ይጨመርባት። ቀጥሎ ብርዱ መጣ። የመንዝ ክረምት በነጠላና በሹራብ አይመከትም፤ ባና ያላችሁ ባና ያዙ፣ የሌላችሁ ከዘመድ ተዋሱ ተባለ።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን ገለጥን። የሰኔ ጦም እስከ ሐምሌ 4 ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በቀሩት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ አሉ። ብንደምረው ከ60ው ቀን ግማሹ ጦም ሆነ። ሥጋና እንቁላል ከወረቀቱ በግማሽ ወረዱ፤ ሽሮና ቆሎ ከፍ አሉ። ኪሳችን ቤተ ክርስቲያንን አመሰገነ።

ነገሩ የከበደው ማደሪያው ላይ ስንደርስ ነው። ከመካከላችን አንዱ የዚያው አገር ልጅ ነው። «እናቴ ቤት እያለ ምን የቤት ኪራይ፣ ምን የምግብ ትላላችሁ? በሉ ይቺን መሥመር ሰርዟት!» አለ። እርሳሱ ግን በእጃችን እንዳለ ቀረ። መንዝ ብዙው ደጋ የበልግ ዝናብ የሚጠብቅ ገብስ አብቃይ አገር ነው። በልጉ ከቀረ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት ወቅት ነው። በዚያ ወራት አራት ጎረምሳ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ጓደኛችን ራሱ ያውቀዋል፤ የመንዝ ልጅ ነውና እንግዳ ማስከፈል አፉ አልደፈረም።

በ1970ዎቹ ብዙ የአገራችን ልጆች በካሪቢያን ባሕር፣ በኩባዋ የወጣቶች ደሴት ለዓመታት ተምረዋል። ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር። አስተናጋጁ ሕዝብ ግን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሩዙንና ስኳሩን በራሽን ደብተር የሚቀበል ነው። እንግዳ በነጻ የሚበላው እንጀራ ሁሉ ከአንድ ሰው መሶብ የወጣ ነው፤ ልዩነቱ የማን መሶብ መሆኑ ብቻ ነው። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ» የሚባለውም ባለቤቱ ስለሚከፋ አይመስለን። ጎተራው ስለሚናገር እንጂ።

ስለዚህ ሒሳቡን ከብር ወደ ገብስ ለወጥነው። ቤት ውስጥ ለአንድ አፍ በሳምንት ስንት ጣሳ ገብስ እንደሚፈጭ የጓደኛችንን እኅት በስልክ ጠየቅናት። እየሳቀች ነገረችን። በአራት፣ ከዚያም በሳምንቱ ቁጥር አባዛነው። ብር በእጃቸው ብንሰጥ ስድብ ነው፤ ገብሱን ግን በየገበያው ቀን ሸምተን በጆንያ ይዘን እንገባለን። ቡና፣ ጨውና ሳሙና አብረው ይገባሉ። አረም ሲደርስ ደግሞ ጉልበታችን አለ።

እናቱ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጆቼ፣ የእንግዳን ሒሳብ የሚይዘው እግዜር ነው» ብለው ላኩብን። እሜቴ፣ እርስዎ በዚያው ይጽኑ፤ እሱ ለእርስዎ ይያዝልዎ። የእኛን ድርሻ ግን እኛው እንይዘዋለን፤ መሥመሯም አትሰረዝም።