የዝዋይ ነው

በእኛ ፋኩልቲ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ብል የሚያምነኝ ሰው እንደማይገኝ ዐውቃለሁ። ጓደኞቼ አቃቂን የሚያውቋት በፋብሪካዋ ጭስና ወደ ቢሾፍቱ ሲወርዱ በመኪናው መስኮት በሚገባው ሽታ ብቻ ነው፤ አፍንጫቸውን ይዘው ያለፉት ወንዝ ዓሣ አለው ሲባሉ ይስቃሉ። እኔ ግን የተወለድሁት ከዚያው ወንዝ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ መንጠቆ መያዝ የጀመርሁትም እርሳስ መያዝ በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ዓሣ ማጥመድ ጥቂት ልጻፍ። የዓሣው ነገር ግን ብቻውን አይመጣልኝም፤ አንድ ውሸት ተከትሎት ይመጣል።

አስቀድሜ ስለ ወንዙ ልናገር። አቃቂ አንድ ወንዝ አይደለም፤ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉ ሁለት ናቸው። ትንሹ በገፈርሳ በኩል ከምዕራብ ይወርዳል፤ ትልቁ በምሥራቅ በኩል ይመጣና ከከተማው መካከል የሚወርዱትን እነ ቀበናን ይሰበስባል። ሁለቱም ከከተማው በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ሐይቅ እንበለው እንጂ አባ ሳሙኤል ሰው የሠራው ግድብ ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኀይል ተብሎ የተገደበ፣ ለብዙ ዓመት የአዲስ አበባን መብራት ሲያበራ ኖሮ የቆመ፣ ኋላም በቻይና ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደ ገና ሥራ የጀመረ ነው፤ የማመንጨት ዐቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ የሚያልፈው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወርዶ ቆቃ ይገባል። ይህን የጂኦግራፊ ትምህርት ያመጣሁት በከንቱ አይደለም፤ ኋላ ይፈለጋል። ለጊዜው ግን ከስድስት ኪሎ ወርዳችሁ ቀበናን በድልድይ ስትሻገሩ ከሥራችሁ የሚሄደው ውኃ ወደ እኛ ሰፈር የሚሄድ መሆኑን ያዙልኝ።

ማጥመድን ያስተማሩኝ አንድ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በጉልምስናቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አሮጌው ባቡር ሲቆም እርሳቸው ወደ ውኃው ዞሩ። ዘንግ የሚባል ነገር አያውቁም። መሣሪያቸው በባዶ የዘይት ጣሳ ላይ የተጠመጠመ የናይሎን ክር ነው፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ለክብደት የታሰረ የዛገ ብሎን አለ። ለምግቡ ከከብት ፍግ ሥር የተቆፈረ ትል ይበቃል። ክሩን ከራሳቸው በላይ ሦስት ጊዜ ያዞሩና ይለቁታል፤ ከዚያ በኋላ ክሩን በሌባ ጣታቸው ላይ አሳርፈው ዝም ነው። «ዓሣው በጣትህ ይናገርሃል፤ አንተ አፍህን ዝጋ» ይሉኛል። እኔ አፌን መዝጋት ስለማልችል መጀመሪያ ላይ ብዙ ዓሣ አስመልጫለሁ።

በአባ ሳሙኤል የምንይዘው በተለይ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቆሮሶ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ የሚገቡ ዓሣ ናት። ሁለተኛው ጋሼ «የጣልያን ዓሣ» የሚሉት ካርፕ ነው፤ እውነትም ከጣልያን መጥቶ እዚህ የተጨመረ ነው፤ ጭቃውን እየቆፈረ ስለሚበላ ያለበት ውኃ ሁልጊዜ የደፈረሰ ነው። ሦስተኛው አምባዛ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ልቆይ። አምባዛ ጢማም ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ ገላው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ከስንጥቡ አጠገብ አየር የሚስብበት ሌላ ብልት ስላለው ውኃው ቢበሰብስ ብቅ እያለ ከላይ ይተነፍሳል። እርጥብ ሣር ካገኘም በደረቱ እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሻገራል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ እንቁላሉን ሊጥል ጎርፍ የተኛበት መስክ ላይ ይወጣል፤ በልጅነታችን በሐምሌ ጨለማ በባትሪ ብርሃን እያየን በማዳበሪያ ከረጢት የያዝንበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ችሎ የሚኖረው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ኦሪት ቅርፊትና ክንፍ ያለውን ብቻ ስለ ፈቀደ ብዙው የሰፈራችን ሰው አይበላውም። የሚበላው ዓሣ ይሞታል፤ የማይበላው ይከርማል።

ባለፈው ዓመት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ላይ ስለ ሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዓሣ የሚያወራ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አግኝቼ ገዛሁ። ማስኪ የሚሉት አንድ አለ፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ጥርሱ የውሻ የሚመስል፣ አንዱን ለመያዝ ዐሥር ሺሕ ጊዜ መወርወር ያሻል የሚባልለት ነው። ዋልአይ የተባለው ደግሞ ዓይኑ በጨለማ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። ባስ የሚሉትም ለመያዝ ሲባል ብቻ በዚያ አገር ብዙ ገንዘብ ይፈስለታል። መጽሐፉን ወስጄ ለጋሼ ሥዕሉን እያሳየሁ ተረጐምሁላቸው። ማስኪን በጣም ወደዱት። አጥማጆቹ ከያዙት በኋላ ለክተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው መልሰው እንደሚለቁት ስነግራቸው ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ሥዕሉን ደግመው ተመለከቱትና «ታዲያ ለምን ያዙት?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለደብተርና ለመጓጓዣ የሚሆነኝን የማገኘው የጋሼን ዓሣ አስፋልት ዳር ቆሜ በመሸጥ ነበር። ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ጾም ሲገባ ገበያው እንደሚደራ ግን እመሰክራለሁ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ከታክሲ ወርዳ በሣር የተሰኩትን አራት ቆሮሶዎች አገላብጣ አየች። ልጇ ደም አንሶታል ተብሎ ዓሣ አብይው እንደ ተባለች ነገረችኝ። ከዚያም «የት የተያዘ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የመጣሁበትም መንገድ ከጀርባዬ ይታያል። እኔ ግን «የዝዋይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የገባ» አልኋት። ያንን መልስ ያስተማረኝ የለም፤ ከእኔ አጠገብ የቆሙት ልጆች ሁሉ የሚሉት ስለ ነበር ከአፌ ወጣ። ዋጋውን ሳትከራከር ከፍላኝ «ተባረክ ልጄ» ብላኝ ሄደች።

በዚያን ጊዜ ነገሩ እንደ ነጋዴ ብልጠት እንጂ እንደ ኃጢአት አልታየኝም። ዩኒቨርስቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ስለ ሌላ ነገር ስፈልግ ስለ አቃቂ ወንዝ የተጻፈ ጥናት እጄ ገባ። የወንዙን ውኃና በእርሱ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ የመረመሩ ሰዎች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ክሮሚየም ቆዳ ማልፊያ ነው። እንዲህ ያለው ብረት በዓሣ ገላ ውስጥ ሲገባ ከሥጋው ይልቅ በጉበቱና በስንጥቡ እንደሚከማችም ሌላ ቦታ አነበብሁ። የዓሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሮቼ ሁሉ በዓይኔ መጡ። ሴትዮዋ ጉበቱን ጥላው ይሆን? ለልጅ ደም ይሆናል ብላ አስቀድማ ያበላችው እርሱን ይሆን? እስከ ዛሬ በዚያ ፌርማታ ሳልፍ ሕፃን የያዘች ሴት ሁሉ እርሷ ትመስለኛለች፤ ልጁ ግን አሁን ሕፃን አለመሆኑን እረሳለሁ።

ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ያነበብሁትን ለጋሼ ነገርኋቸው። እውነቱን ለመናገር አነጋገሬ የተማሪ ትምክሕት ነበረበት። ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያም «ከተማ ውስጥ ሆቴል ገብታችሁ የምትበሉት ዓሣ ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ።

«ከዝዋይም፣ ከቆቃም ይሆናል።»

«ቆቃ የሚገባው ውኃ ከየት የመጣ ነው?»

ዝም አልሁ። ውኃው ረዥም መንገድ ይሄዳል፣ ሌላ ውኃም ይቀላቀለዋል ብዬ ልከራከር አሰብሁ፤ ነገር ግን ያ ክርክር ለሴትዮዋ ስላልጠቀማት ተውሁት። ጋሼም ቀጠሉና «እኔ ውኃውን አላቆሸሽሁትም፤ ያቆሸሹት ሰዎች ሲከለከሉ ያን ጊዜ እኔን ትከለክለኛለህ» አሉኝ። ይህን ሲሉ አልተቈጡም፤ ትል እየሰኩ ነበር።

የዕረፍቱ የመጨረሻ ቅዳሜ አብሬያቸው ወረድሁ። ለበጋው ከሩቅ አገር የሚመጡት ወፎች ሄደው ስለ ነበር ዳርቻው ጭር ብሏል፤ በአንድ ወገን እምቦጩ ውኃውን ሸፍኖት መስክ አስመስሎታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክሬ ከበደ። ስስበው ክንድ የሚያህል አምባዛ ነው፤ ጢሙን እያወዛወዘ አየር ይስባል። መንጠቆውን ከአፉ አወጣሁና ቀስ ብዬ ወደ ውኃው ለቀቅሁት። በልቤ አንድ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግህ?» አሉኝ ጋሼ።

«ለቀቅሁት።»

«እንደ አሜሪካኖቹ?»

ዝም አልሁ። ጋሼ አምባዛ እንደሚበሉ ረስቼ ነበር፤ ያ ዓሣ የዚያ ማታ የቤታቸው እራት ነበር። የያዝሁትን ጥቂት ብር ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ፤ እጄን መለስሁት። ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ሳንነጋገር ተቀመጥን። ሁለት ካርፕ ያዙ። አንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው «ይህን ለእናትህ ስጥልኝ» አሉ። አይሆንም ማለት አልቻልሁም።

በመሸ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጋዜጣውን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። ውኃው ይንጠባጠብ ነበርና ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አጎንብሶ አየው። «ያማረ ዓሣ ነው፤ የዝዋይ ነው?» አለኝ።

«የአባ ሳሙኤል ነው» አልሁት።

ሰውዬው ኮቱን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።