ሃምሳ አራት ዓመት ናንሲን ሆና

ኤፕሪል 2 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሔለን ዋግነር በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ቀርባ ባሏን «እንደምን አደርህ፣ ውዴ» አለችው። «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ የተከፈተው በዚህ ሰላምታ ነው። ባል ሆኖ የሚጫወተው ዶን ማክላፍሊን ነበር፤ ቤታቸውም ደራሲዋ በፈጠረቻት ኦክዴል በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ውስጥ ነው። ሔለን ያን ዕለት የ37 ዓመት ሴት ነበረች። ናንሲ ሂዩዝን ዘጠና ዓመት እስኪያልፋት ድረስ ትጫወታለች ብሎ ያኔ ማን ይገምታል!

እኔ ሔለንን ያወቅኋት በ1990ዎቹ፣ ፀጉሯ ከነጣ በኋላ ነው። አሜሪካ በገባሁ ሰሞን፣ እንደ ብዙ የአገሬ ሴቶች፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአዛውንት እንክብካቤ ሥራ ይዤ ነበር። የምንከባከባቸው ሴትዮ ምሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው፣ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋላቸዋለሁ። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ መጋረጃውን እስከ ግማሽ እስባለሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ ቢጮህም አይነሣም። «ታሪኬ ጀመረ» ይሉኛል። ናንሲ ብቅ ያለች እንደሆነ፣ እህታቸውን በደጅ ስታልፍ ያዩ ይመስል፣ «ተመስገን፣ ደኅና ናት» ይሉ ነበር። የገዛ ሕይወታቸውን ዘመን የሚቆጥሩትም በድራማው ነው። ባላቸው መቼ ሥራ እንደቀየሩ ስጠይቃቸው «ሊሳ ከቦብ የተፋታች ጊዜ» ብለው መልሰውልኛል። እኔም ግማሹን እንግሊዝኛዬን የተማርኩት እዚያ ወንበር አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ድራማውን የፈጠረችው አይርና ፊሊፕስ ነበረች። ቀድሞ በሬዲዮ ዘመን ይህን ዓይነቱን ተከታታይ ድራማ ከጀመሩት አንዷ ናት። ገንዘቡን የሚያወጣው የሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሲሆን፣ ቤት የሚውሉ ሴቶች ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ የሚከታተሉት ዝግጅት ነበር። በቴሌቪዥን የአንድ ቀን ክፍል ከ15 ደቂቃ አያልፍም ነበር። አይርና ግን ግማሽ ሰዓት ካልሆነ ብላ ሞገተችና ተሳካላት። በዚያ ርዝመት ብዙ ድርጊት አላጨቀችበትም። ሁለት ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ ቡና ይዘው ይቀመጣሉ፤ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆያል። አንድ ሰርግ ከመደረጉ በፊት ወራት ሙሉ ይወራለታል። ዛሬ ይህን የሚታገሥ ተመልካች ይኖራል ብሎ የሚደፍር አዘጋጅ ያለ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ግን ድራማው ከ1958 እስከ 1978 ድረስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከአሜሪካ የቀን ድራማዎች አንደኛ ነበር።

ሥራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ጠዋት ይለማመዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ማታ የነገውን ያጠናሉ፤ በሳምንት አምስት ቀን። ቃል የጠፋበት ተዋናይ «እንደገና እንቅረጽ» የሚልበት መንገድ የለም፤ የተሳሳተውን ያው እዚያው፣ ሰው እያየው፣ ያርመዋል። ሔለን ከቴክሳስ የመጣች፣ በ1938 ከሞንማውዝ ኮሌጅ የተመረቀች የመድረክ ሰው ስለነበረች ይህን ትችለው ነበር። አይርና ግን አስቸጋሪ አለቃ ነበረች። ድራማው ገና በተጀመረ ሰሞን ሔለንን አባርራታለች፤ ምክንያቱ የቡና አቀዳዷን ስላልወደደችላት ነው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ግን መልሰው ጠሯት።

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዓርብ ነበር። ናንሲ ከአማቷ ጋር ቆማ፣ ልጇ ቦብ የተፋታትን ሊሳንና ልጃቸውን ለምስጋና በዓል እራት መጥራቱን እየነገረችው ነው። አማቷን የሚጫወተው ሳንቶስ ኦርቴጋ ነበር። ድራማው ከተጀመረ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሥዕሉ ጠፍቶ የአስቸኳይ ዜና ጽሑፍ ወጣ። የዎልተር ክሮንካይት ድምፅ ዳላስ ውስጥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ አጀብ ላይ ሦስት ጥይት መተኮሱን ተናገረ። የዚያን ጊዜ ካሜራ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልግ ስለነበር ክሮንካይት ለጊዜው በድምፁ ብቻ ነው የተሰማው። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ተዋንያን ደግሞ ይህን ሁሉ አላወቁም። አገሩ በድንጋጤ ሲዋጥ ሔለንና ሳንቶስ ስለ እራት ግብዣው ማውራታቸውን ቀጠሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ከአስከሬኑ ኋላ በእግር ከተጓዙት የውጭ አገር መሪዎች መካከል የእኛው ጃንሆይ እንደነበሩበት ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ያን ቀን የሚያስታውሱ አሜሪካውያን ደግሞ ወሬውን ከመስማታቸው በፊት መጨረሻ ያዩት ፊት የናንሲ ፊት ነው፤ ለብዙዎቹ እንዲያ ነው። በሴትዮዬ ቤት ይህ ወሬ ሲነሣ እንባ ነበረው።

በዲሴምበር 1975 ድራማው አንድ ሰዓት ሆነ፤ በዚያው ዓመት የቀጥታ ሥርጭቱም ቀርቶ ቀረጻ ተተካ። ከዚያ ወጣቶችን የሚስብ የፍቅርና የጀብዱ ታሪክ ገነነ። ሽማግሌዎቹ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ የሚጠሩ ሆኑ። ሔለን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለቅቃ ወጣች፤ በ1985 ተመለሰች። በዓመቱ ዶን ማክላፍሊን ሞተ። ሠላሳ ዓመት ባሏ ሆኖ የተጫወተው ሰው ስለነበር ናንሲም በድራማው መበለት ሆነች። ተዋናይትዋም ተመልካቹም እኩል ያዘኑበት እንዲህ ያለ ለቅሶ በሌላ የጥበብ ዘርፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኋላ ናንሲ ዳን ማክሎስኪ የተባለ መርማሪ አገባች፤ እሱም የመርሳት በሽታ ያዘው። ሚስቱን እስኪዘነጋት ድረስ ናንሲ አስታመመችው። ሴትዮዬ ይህን ሲተርኩልኝ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር፤ የሥራዬን ክብደት ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ አድርጎ አልነገረኝም።

ሔለን የሆሊዉድ ኮከብ አልነበረችም። ባሏ ሮበርት ዊሊ የቴአትር አዘጋጅ ነበር፤ እሷም ሥራዋን ሠርታ ወደ ቤቷ የምትገባ ሴት ነበረች። ጊነስ በቴሌቪዥን አንድን ገጸ ባሕርይ ለረጅም ዘመን በመጫወት መዘገባት። በ2004 የቀን ኤሚ የዕድሜ ልክ ሽልማት ተሰጣት። እኔ ግን ችሎታዋን የማየው በሌላ ነው፦ ሌላው ሲናገር እንዴት እንደምታዳምጥ። ናንሲ ስታዳምጥ፣ የምትጠላውን ወሬ እንኳ ቢሆን፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ ዓይኗን ብቻ ታነሣለች። ከሃምሳ ዓመት ልምድ በኋላ ያ በቂ ነበር።

ዘመኑ አብሯት አረጀ። ሴቶች ሥራ ወጡ፣ ኬብል መጣ፣ በ1995 የኦ ጄ ሲምፕሰን ችሎት ወራት ሙሉ የድራማዎቹን ሰዓት ሲወስድ የሄደው ተመልካች በሙሉ አልተመለሰም። በ2009 በሬዲዮ ተጀምሮ 72 ዓመት የቆየው «ጋይዲንግ ላይት» ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲቢኤስ «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ»ም እንደሚቆም አስታወቀ። ሔለን ሜይ 1 ቀን 2010 በ91 ዓመቷ አረፈች። ድራማው ሴፕቴምበር 17 በተጠናቀቀ ጊዜ ስንብቱን የተናገረው ከ1960 ጀምሮ ልጇን ቦብን ሲጫወት የኖረው ዶን ሄስቲንግስ ነው።

በሰዓቱ የወሬ ዝግጅት ተተካበት፤ እሱም በ2024 መጨረሻ ተቋረጠ። በፌብሩዋሪ 2025 ሲቢኤስ በዚያው ሰዓት «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተባለ አዲስ የቀን ድራማ ጀመረ። ታሪኩ እኔ በኖርኩባት ሜሪላንድ የሚገኝ የአንድ ጥቁር ቤተሰብ ታሪክ ነው። የቀን ድራማ መመለሱ ከልቤ አስደስቶኛል። ለአንዲት ተዋናይት ሃምሳ አራት ዓመት የሚሰጥ የአሜሪካ ጣቢያ ግን ከእንግዲህ ይኖራል ብዬ አላምንም።