ውርጭና ቧንቧ

ደብረ ብርሃን ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይወርዳል።

እዚያ ስማር በአንዲት እናት ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። ማታ ማታ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። በታኅሣሥ አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ ቧንቧውን ገለባ አልብሰው። ዛሬ ውርጭ ይጥላል» አሉኝ። «ብረት ደግሞ ይበርደዋል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁና ተኛሁ።

ጧት ቧንቧው ጠብ አልል አለ። ውሃ የጠፋ መሰለኝ። ለካ ውስጡ በረዶ ሆኗል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ውሃው በቧንቧው ጎን ፊን ብሎ ወጣ። ብረቱ ተሰንጥቋል! እስኪጠገን 3 ቀን ከወንዝ ቀዳን።

እማማ አልተቆጡኝም። «ውሃ የሞላ እንስራ ውጭ አድሮ ሲሰነጠቅ አላየህም?» አሉኝ ብቻ።

ነገሩ ይኸው ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። 10 ጣሳ ውሃ 11 ጣሳ ሊሆን ምንም አይቀረው። ቦታ ሲያጣ ብረት ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ቧንቧ ስታስገቡ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከመሬት በላይ ያለውን በደረቅ ገለባ ጠቅልሉት፤ በጆንያ እሰሩት። እንዳይርስ ላስቲክ ደርቡበት። ውሃው በረዶ ከሆነ እሳት አታንድዱበት። መክፈቻውን ክፈቱና በለብታ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠምጥሙበት።

ፊደሉን ለእማማ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ውርጭን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።