የእማማ ግድግዳ

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወርደን፣ ቀበና ወንዝ ዳር፣ ሽሮ የምንበላባት አንዲት የጭቃ ቤት ነበረችን። ባለቤቷን «እማማ» ነው የምንላቸው። ዱቤያችንን ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫሩ ይይዙልን ነበር። ታዲያ ወንዙ ይሸታል፤ በአንድ እጃችን አፍንጫችንን ይዘን በሌላው እንጎርሳለን። «ኧረ ይኼን ወንዝ የሚያጸዳ ይጥፋ!» ማለትም ልማዳችን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ተጀምሮ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ይለማል ሲባል እኛም አጨብጭበናል፤ አንዋሽም። በ2017 ዓ.ም. ተራው የቀበና ሆነ። የእማማም ቤት ፈረሰ።

አዲሱ ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስኳርና ቡና ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞላ አልሞላ ብሎ ሌሊቱን ማደር ቀርቶላቸዋል። «ቤቱስ ቤት ነው ልጆቼ፤» አሉን፤ «ግን ነገ ብሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማነው? ዕድርተኛው እኮ እዚህም እዚያም ተበተነ።»

ምን እንመልስ? ወንዙ ይጽዳ ያልነው እኛ ነን፤ አሁንም ይጽዳ እንላለን። ግን ሰው ሲነሣ ከነዕድሩ፣ ከነጎረቤቱ ባንድ ቦታ ቢሰፍር ምን ነበረበት? ያኔ ይኼን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ስንወጣ ዱቤያችንን እንክፈል አልናቸው።

«ግድግዳው ፈርሶ የቱን አስታውሼ?» ብለው ሳቁ።

እኛ ግን እናስታውሳለን።