ገጹን እንለካ፣ ሰውን አንሰልል



ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ የምንማር የጀመዓው ልጆች ዌብሳይት ስንሠራ ሁለት ነገር እንድንለካ እንማራለን፤ ገጹ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ ተጠቃሚውም በገጹ ላይ ምን እንደሚያደርግ። ሁለቱም የሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላሉ። ስንሠራባቸው ግን ሁለቱም የአማና ጉዳይ ሆነው አገኘናቸው።

ከፍጥነቱ እንጀምር። ጉግል ኮር ዌብ ቫይታልስ ብሎ ባወጣቸው መለኪያዎች መሠረት የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት፣ ቁልፍ ሲነካም ገጹ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ላብ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ይህን ማሟላት ቀላል ነው። ማታ ዶርም ውስጥ ሁሉም ኔትወርክ ላይ ሲሆን፣ በአሮጌ ስልክ ለሚከፍተው ወንድም ግን ያው ገጽ ሌላ ገጽ ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት እሱ ጋ ነው።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። ከአሥር ሰዎች ለሰባቱ ገጹ በ1 ሰከንድ፣ ለሦስቱ በ5 ሰከንድ ቢከፈት አማካዩ 2.2 ሰከንድ ነው። በወረቀት ላይ አልፈናል፤ ሦስቱ ግን እየጠበቁ ነው። መለኪያው አማካዩን ትቶ 75ኛውን ፐርሰንታይል የሚያየው ለዚህ ነው፤ ከአራት ጉብኝቶች ቢያንስ ሦስቱ ገደቡን ማሟላት አለባቸው። በዚህ ስሌት የእኛ ምሳሌ ይወድቃል።

ይህን ስናሰላ ኢማምነት ትዝ አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የሚያሰግድ ሰው ሶላቱን እንዲያቀልል ያዘዙት ከኋላው ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለበት ስላለ ነው። ኢማሙ የራሱን ጉልበት አይለካም፤ ከኋላው ያለውን ደካማ ያስባል። ገጽ የሚሠራም እንደዚያው ነው። 75 ከመቶ ላይ ስንደርስም የቀረው ሩብ ከኋላችን ቆሞ እንዳለ አንርሳ።

ሁለተኛው መለኪያ ይበልጥ ያሳስበናል። የተጠቃሚውን የጣትና የማውስ እንቅስቃሴ ቀድተው እንደ ቪዲዮ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። በጥንቃቄ ካልተዘጋጁ በሳጥን ውስጥ የተጻፈውንም ይይዛሉ። አንዲት እህት ለኡስታዙ ስለ ቤተሰቧ ጥያቄ ጽፋ፣ ሐፍረት ይዟት ሳትልከው ብትሰርዘው፣ የሰረዘችው ቃል እኛ ጋ ሊቀር ይችላል። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ የተከለከለው ተጀሱስ በር ላይ ጆሮ መለጠፍ ብቻ ነው ብለን አናስብም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም አላህ ያያል።

ስለዚህ ለጀመዓው በምንሠራው ገጽ ሁሉ ይህን ተስማምተናል። ገጹ ለመከፈት የፈጀውን ጊዜ፣ የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና የት ላይ ስህተት እንደተፈጠረ እንቆጥራለን። ማን እንደከፈተው አንመዘግብም። በሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ከመላኩ በፊት የጸሐፊው ነው፤ አንነካውም። የምንለካውንም ገጹ ላይ በግልጽ አማርኛ እንጽፋለን። አንድን ቁጥር ከመሰብሰባችን በፊት «በዚህ ምን እናስተካክላለን?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልስ ከሌለን ቁጥሩን እንተወዋለን።

ገጻችን ስልካችሁ ላይ ከዘገየባችሁ ከጁምዓ በኋላ አግኙንና ንገሩን። የእናንተ ቃል ከብዙ ግራፍ ይበልጥብናል።

አላህ በተማርነው ሰውን የምንጠቅም ያድርገን። አሚን።