ዓባይን በቢስክሌት ስለ መሻገርና የመንገድ ቈጣሪ ስለ መግዛት

ልጅ አንድ ዕቃ እንዲገዛለት በለመነ ጊዜ ወላጅ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው የገንዘቡ ነገር ነው፤ ሁለተኛውም ዕቃው በእውነት የሚጠቅም ነው ወይስ ለታይታ ብቻ ነው የሚል ነው። እኛንም በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር ይህ አሳብ ያዘን። የ17 ዓመት ልጃችን በቢስክሌቱ መሪ ላይ የሚታሰር፥ ከሰማይ በሚወርድ ምልክት መንገድን የሚያሳይ፥ ጂፒኤስ ያለበት ቈጣሪ ግዙልኝ ብሎ ለመነን። ባለቤታችንም ነገሩን ሰምታ፥ «ይህ ዕቃ የማታውቁትን ምን ይነግራችኋል? ዳገቱን እንደ ሆነ እግራችሁ ያውቀዋል» አለችን።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ዕቃውን ከአንድ ወዳጃችን ለሦስት ቀን ተውሰን፥ በጥቅምት ወር ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ከልጃችን ጋራ ተሻግረን ልንፈትነው ቈረጥን። እንዲህ ያለ ልመና የቀረበላቸው ክቡራን አንባቢዎቻችን ይረዱበት ዘንድ፥ በዚያ ጕዞ ያየነውን ከዚህ በታች እንጽፋለን።

አስቀድመን ዕቃው ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባናል። የቢስክሌት ቈጣሪ አዲስ ነገር አይደለም። ከርቲስ ቪደር የተባለ አሜሪካዊ በአውሮጳ ቍጥር በ1895 ዓ.ም. የመንኰራኵርን ዙር እየቈጠረ የተሄደውን መንገድ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጠውም ተራ ቈጣሪ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመንኰራኵሩ ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት ይታሰራል፤ መንኰራኵሩም አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር መሣሪያው ይቈጥራል። የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ዙሩን በዚህ ልክ አባዝቶ ርቀቱንና ፍጥነቱን ያወጣል። ስለ መንገዱ ግን ምንም አያውቅም፤ ወደ ግራ ቢሄዱ ወደ ቀኝ፥ ዳገት ቢወጡ ቍልቍለት ቢወርዱ ለርሱ ሁሉም አንድ ነው።

ጂፒኤስ ያለበት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አሜሪካውያን ለዚህ ሥራ የመጀመሪያውን ሳተላይት የላኩት በአውሮጳ ቍጥር በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራው ተሟልቶ አገልግሎት ላይ ዋለ የተባለው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፤ ሰዓታቸውንና ያሉበትንም ስፍራ ሳያቋርጡ ያስታውቃሉ። በቢስክሌቱ ላይ ያለው መሣሪያ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ፥ ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ፥ የቆመበትን ስፍራ ያውቃል። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካውያን ለሕዝብ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፤ ይህ ከቀረ ወዲህ ግን ስሕተቱ በገላጣ ስፍራ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። የሩሲያ፥ የአውሮጳና የቻይና ሳተላይቶችም ተጨምረዋል። መሣሪያው ምልክት የሚቀበል እንጂ የሚልክ ስላልሆነ፥ ስልክ በማይሠራበት በረሃም ስፍራውን ለይቶ ያውቃል። ደኅና የሆኑት መሣሪያዎች ደግሞ የአየርን ክብደት የሚመዝን ባሮሜትር አላቸው፤ ከፍታንም በሳተላይት ብቻ ከሚለኩት ይልቅ በዚህ አጥርተው ይለካሉ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢስክሌቶቻችንን በመኪና ጣራ ላይ አስረን ሳይነጋ ተነሣን። እንጦጦን አልፈን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ሜዳው ሁሉ በጤዛ ተሸፍኖ ነበር። በጫንጮና በሙከጡሪ በኩል ፍቼ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ጤፉ ራሱን ደፍቶ፥ የአደይ አበባ ርዝራዥ በየድንበሩ ላይ ቀርቶ አየን። ልጃችን መሣሪያውን በእጁ ይዞ፥ «አባባ፥ አሁን በዚህ ከፍታ ላይ ነን» እያለ ቍጥሩን ይነግረን ነበር። እኛ በመስኮት አገሩን ስናይ፥ እርሱ መስተዋቱን ያይ ነበር።

ከጎሃ ጽዮን ጥቂት አለፍ ብሎ ምድር በድንገት ያልቃል። በፊት ለፊት የጎጃም ደጋ በጉም ውስጥ ይታያል፤ በመካከሉ ግን ገደል በገደል ላይ ተደራርቦ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል። በላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም ጅፕሰም፥ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ብርዱም በየመታጠፊያው እየለቀቀ በቈላ ሙቀት ይተካል። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮች ተቀምጠው መንገደኛውን ይመለከታሉ።

መሣሪያው በዚህ ቍልቍለት ላይ ጥሩ አገልጋይ አልሆነልንም። በሸለቆው ውስጥ ምድሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየስፍራው ሰምጦና ተሸብሽቦ ነበር፤ በመሣሪያው ካርታ ላይ ግን መንገዱ እንደ ክር ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ልጃችን ፍጥነቱ 58 ኪሎ ሜትር መድረሱን ሊያይ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ በጣለ ጊዜ፥ የፊት ጎማው ከአንድ ጕብታ ላይ ወጥቶ ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተ። እግዚአብሔር አወጣውና ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ከኋላ ደርሰን ብናይ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ የፊት ፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልንቈጣው አሰብን፤ ነገር ግን ጥፋቱ የኛም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የመሣሪያው ባትሪ እንዲሞላ ስንጠብቅ፥ የፍሬኑን ጎማ ግን ጐንበስ ብለን አላየንም። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከመሪው ላይ ፈትተን በኪሳችን ከተትነው፤ የቀረውንም ቍልቍለት ቀስ ብለን፥ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እያረፍን፥ እጅግ በሚያዘቀዝቀውም ላይ ቢስክሌቱን እየጐተትን ወረድን። ስለዚህ ካሰብንበት ሰዓት ዘግይተን፥ ለእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ሲቀረው ከድልድዩ ደረስን።

ዛሬ የሚተላለፉበት ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው፥ ሕዳሴ የተባለው ድልድይ ነው፤ ርዝመቱም 303 ሜትር ነው። አሮጌው ድልድይ ከጐኑ ቆሞአል። ዓባይ የክረምቱን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። በጎጃም በኩል ያለው ዳገት ደግሞ እንደ ወረድነው ቍልቍለት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየ100 ሜትሩ በአማካይ ወደ 7 ሜትር ይወጣል። ይህን ለመውጣት የተነሣነው በቀኑ ሐሩር ሰዓት ነው።

መሣሪያውን መልሰን በመሪው ላይ ያሰርነው በዚህ ጊዜ ነው። ካርታው ተጭኖበት ስለ ነበረ ዳገቱን እንደ ተራራ ሥዕል አድርጎ፥ ያለንበትንም በአንዲት ነጥብ ለይቶ አሳየን። በጠባቡ ስፍራ፥ ገደሉ ከራሳችን በላይ በቆመበት፥ ምልክቱ ከድንጋዩ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ነጥቢቱ ከመንገዱ ወጥታ በዐለቱ ውስጥ ቆማ ታየች። ባሮሜትሩ የሚለካው ከፍታ ግን አልተናወጠም።

አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ወጣን ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «እንደምን ዋላችሁ አባታችን፤ ደጀን ምን ያህል ይቀራል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ደጀን እኮ ቅርብ ነው፤ ይህን ጥምዝ ዞር ስትሉ ነው» አሉን። ያገራችን ሰው መንገደኛውን እንዳያስጨንቅ ሩቁን ቅርብ ማለት ልማዱ ነው። ልጃችን ይህን ሰምቶ ደስ አለው፤ የቀረችውንም ውኃ በአንድ ጊዜ ጨልጦ ሊጠጣና ጥምዙን በኀይል ሊወጣ ተነሣ። መሣሪያው ግን የቀረው 16 ኪሎ ሜትር፥ ከፍታውም ከ1,100 ሜትር በላይ እንደ ሆነ ያሳያል። ይህን ባሳየነው ጊዜ ልጁ ዝም አለ፤ የውኃውን ዕቃም መልሶ ከደነ።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው ደግሞ መሣሪያው የማያውቀውን ያውቁ ነበር። ፊታችን መቅላቱን አይተው፥ «በዚህ ፀሐይ አትውጡ፤ ሰው ይጥላል። ከፍ ብሎ ከዋርካው ማዶ ከገደሉ ሥር ውኃ ይንጠባጠባል፤ እስከ ኅዳር አይደርቅም። እዚያ አረፍ በሉና ሲበርድ ትወጣላችሁ» አሉን። እንዳሉትም ዋርካውን አገኘን፤ ውኃውንም በጨርቅ አጥልለን ቀዳን፤ እስከ 9 ሰዓትም በጥላው ሥር ተኛን። ልጃችን በዚያ ሐሩር ያለ ውኃ በኀይል ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ያገኘው እንደ ነበረ ማሰብ አንወድም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት በሥርዓት ከፋፍለን ወጣነው። መሣሪያው 200 ሜትር ከፍታ መውጣታችንን ባሳየ ቍጥር ወርደን እናርፋለን፤ ሁለት ጕንጭ ውኃ እንጠጣለን፤ ደግሞ በትንሹ ማርሽ እንነሣለን። በመጨረሻ የደጋው ነፋስ ፊታችንን መታን፤ ፀሐይም ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ደጀን ገባን። ልጃችን እንጀራውን በልቶ ሳይጨርስ ከተቀመጠበት እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በከተማ ውስጥ ከቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ በቢስክሌት ለሚመላለስ ሰው ይህ መሣሪያ አያስፈልገውም። መንገዱን ያውቀዋል፤ ርቀቱን ማወቅ ቢወድ ማግኔት ያለበት ተራ ቈጣሪ ይበቃዋል። በወር አንድ ቀን ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድም በኪሱ ያለው ስልክ ራሱ ጂፒኤስ ስላለው፥ ካርታውን አስቀድሞ ጭኖ በኪሱ ቢይዘው ይረዳዋል። ስልክን ከመሪው ላይ አስሮ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም፤ በፀሐይ መስተዋቱ አይታይም፤ ባትሪው በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ መንቀጥቀጡም የፎቶግራፍ ማንሻውን ሊያበላሽ ይችላል። ያልታወቀ አገር፥ ረጅም ዳገትና ውኃ የሌለበት በረሃ ለሚያቋርጥ፥ ወይም በውድድር ለሚሰለጥን ወጣት ግን መሣሪያው ዋጋውን ይመልሳል። የኢትዮጵያ ቢስክሌተኞች በአውሮጳ ቍጥር በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ በተወዳደሩ ጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ ገና አልተፈጠረም ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር ግን ይህ መሣሪያ የቢስክሌተኛ የዘወትር ዕቃ ሆኖ ነበር።

ስለ ዋጋውም እንናገር። በውጭ አገር ገበያ ተራው ጂፒኤስ ያለበት ከ50 እስከ 100 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ካርታ ያለው ከዚህ ይበልጣል፤ እጅግ የከበረውም ከ600 ዶላር ያልፋል። የማጓጓዣውንና የቀረጡን ወጪ በዚህ ላይ መደመር ያስፈልጋል። ገዢው ሊመለከት የሚገባው የመስተዋቱን ቀለም ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፤ ባሮሜትር እንዳለው፥ አስቀድሞ የተጫነበትን መንገድና የቀረውን ዳገት እንደሚያሳይ፥ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ እንደሚቈይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። እነዚህ መሣሪያዎች የሄዱበትን መንገድ መዝግበው ሌላ ሰው በሚያይበት ስፍራ ለማውጣት ያመቻሉ። ስትራቫ የተባለው ድርጅት የደንበኞቹን ጕዞ ሁሉ ሰብስቦ ባወጣው ካርታ ላይ የተሰወሩ የጦር ሰፈሮች ተለይተው መታየታቸው በአውሮጳ ቍጥር በ2018 ዓ.ም. በዓለም ተሰምቶአል። የቤቱን ደጅና የሚወጣበትን ሰዓት ለማያውቀው ሰው መንገር የማይወድ ሁሉ ይህን በር አስቀድሞ ይዝጋ።

እኛም ለልጃችን ካስቀመጥነው ገንዘብ በመጀመሪያ አራት የፍሬን ጎማ፥ የራስ ቍር፥ ሁለት የውስጥ ጎማና የሌሊት መብራት ገዛን። በተረፈው ካርታ የሌለውን፥ ነገር ግን ባሮሜትር ያለውንና የቀረውን ዳገት የሚያሳየውን ገዛንለት። ሕግም አኖርንለት፤ በቍልቍለት ላይ መሣሪያው ከኪስ አይወጣም፤ ከመነሣትም በፊት ባትሪውን ከማየቱ አስቀድሞ ፍሬኑን ያያል።

ባለቤታችን ዕቃውን በእጅዋ ይዛ ገለባበጠችውና፥ «እንግዲያስ የማታውቁትን ምን ነገራችሁ?» ብላ ጥያቄዋን ደገመችልን። እኛም፥ «የቀረውን ዳገት ነገረን፤ የውኃውን ስፍራ ግን ሽማግሌው ነገሩን» ብለን መለስንላት። በሚከተለውም ዓመት ልጃችን ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፥ በሌሊት ወጥተን ብናይ፥ በግቢው ውስጥ ተንበርክኮ በባትሪ መብራት የፍሬኑን ጎማ በጣቱ ሲዳስስ አገኘነው።